ስምንተኛዋ ጀልባ

ይህን የነገረኝ አስማረ ራሱ ነው። ጾሙን የማይገድፍ፣ በሐሰት የማይምል ገበሬ ነው። ያመነ ይመን... እኔ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

ነሐሴ 1973 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ንፋስ መውጫ፣ የጨርቅ ነጋዴው የታሂር ሱቅ።

ጉሙ ገበያውን ውጦታል። የሰው ድምፅ ይሰማል እንጂ ሰው አይታይም።

አስማረ ከጋቢው ሥር አንድ እጥፍ ወረቀት አወጣ። ልጁ ፈንታ በግንቦት ከአሰብ ከደብዳቤ ጋር የላከው ነው። ፈንታ የፈረንጅ መንገደኞች በምታመላልስ መርከብ ላይ በሳህን አጣቢነት ተቀጥሯል። ወረቀቱ ላይ የኩባንያው ሦስት መርከቦች በቀለም ታትመዋል። ሦስቱም ነጭ፤ ሦስቱም ከአንድ ማሕፀን የወጡ የሚመስሉ።

"ከነዚህ አንዷ ሰጠመች ነው ሬዲዮው ያለው?"

"አዎ። ስሟን በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለ ታሂር። አሰብ ሰባት ዓመት ስለሠራ የፈረንጅ ፊደል ይለያል። ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳረፈ። "ይቺ ናት። የመጀመሪያዋ።"

"የልጄስ?"

"ደብዳቤው ምን ይላል?"

አስማረ በቃሉ ይዞታል። "'አባቴ ሆይ፣ የእኔዋ የመዋኛ ገንዳዋ ከኋላ ነው። ጭስ ማውጫዋ ሁለት ቀይ መቀነት ታጥቋል። በጎኗ ስምንት የነፍስ ማዳኛ ጀልባ ተንጠልጥሏል' ይላል።"

ታሂር አጎነበሰ።

"የሰጠመችው ገንዳዋ መሐል ላይ ነው። መቀነቷም አንድ። ሦስተኛዋ ጭራሽ ገንዳ የላትም። እንግዲህ የፈንታ መካከለኛዋ ናት... ልጅዎ ተርፏል፣ አያ አስማረ!"

"ጀልባዎቹንም ቁጠራቸው።"

"ከዝናብ በቀር ውሃ የማያውቁ ሰው፣ ዛሬ መርከብ መርማሪ ሆኑ?"

ሁለቱም ሳቁ።

ታሂር ቆጠረ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

"ሰባት..."

"ድገመው።"

"ሰባት ናቸው።"

አስማረ ወረቀቱን ነጠቀው። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ከሚስቱ ከተዋበች ጋር በየጀልባው ላይ አንዳንድ ባቄላ እያኖሩ ቆጥረዋል። ስምንት ባቄላ ነበር።

አሁን ከሰባተኛዋ ቀጥሎ ሁለት ገመዶች ብቻ ተንጠልጥለዋል።

ባዶ...

አውራ ጣቱ ረጠበ። ወረቀቱ ግን ሌላው ቦታ ሁሉ ደረቅ ነው። ጣቱን ወደ ምላሱ አስጠጋ።

ጨው።

"ታሂር..."

"አቤት።"

"ሠራተኛ ከአንዷ መርከብ ወደ ሌላዋ ይዛወራል?"

ጉሙ በሱቁ በር ገብቶ እግራቸው ሥር ተኝቷል።

"መርከቦቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ... ሥራውም ያው ነው። ሰው የጎደለባት ካለች ያዛውራሉ።"

"ዝም በል" አለ አስማረ በሹክሹክታ። "መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም። የቆመን ሰው መቅበር ነው።"

ቤቱ ሲደርስ ተዋበች ደጅ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

"ደህና ነው" አላት። "የሰጠመችው የእሱ መርከብ አይደለችም።"

"ጀልባዎቹን ቆጠራችሁ?"

"ቆጠርን።"

"ስንት?"

"...ስምንት።"

ይህን ሲነግረኝ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ሲገፈፍ፣ ተዋበች ከደጅ ጠራችው።

"ና እስቲ... ከብቶቹን ምን ነካቸው?"

ከብቶቹ ከጓሮው ገብስ ማሳ ገብተዋል። አስማረ ዱላውን ይዞ ሮጠ። ሮጦም ቆመ።

ገብሱን አልነኩትም።

አንገታቸውን አቀርቅረው መሬቱን ይልሳሉ። የጨው ድንጋይ እንደተሰበረላቸው ሁሉ፣ እየተጋፉ።

የሚልሱት ቦታ ላይ ገብሱ ተኝቷል። የተኛው ቦታ ረጅም ነው፤ ሁለቱም ጫፉ እንደ ጀልባ ሾሏል። ወደዚያ የሚያስገባ ዱካ የለም።

ከዚያ የሚወጣ ግን አለ።

አንዲት ጊደር ተነጥላ አንድ ቦታ ላሰች። አንድ እርምጃ ሄዳ ደግሞ ላሰች። እንደገና አንድ እርምጃ... ወደ ቤቱ።

ተዋበች ነጠላዋን ከራሷ ላይ ቀስ ብላ አወረደች።

"አስማረ" አለች፣ ዓይኗን ከጊደሯ ሳትነቅል። "ስምንት ነው ያልከኝ?"

አስማረ ወደ ቤቱ ዞረ።

ቀዩ በሬ ቀድሞ ደጃፉ ላይ ደርሷል። መድረኩን ላሰ። ቀንዱን አዘንብሎ በጠባቡ በር ገባ።

ተከትለው ገቡ።

በሬው ጥግ ላይ ቆሞ፣ ፈንታ ልጅ ሳለ ይተኛበት የነበረውን መደብ... ከግርጌው እስከ ራስጌው... ቀስ እያለ ይልሳል።