ከሰርቨሩ ጀርባ የተገኘችው ገብስ

«አምስት ማሽን አጣን ብላችሁ ጠራችሁኝ። በሩ አልተሰበረም። መስኮቱ የድመት ጭንቅላት አያሾልክም። በየት በኩል ወጡ?» አለ ሳጅን አዳነ።

«አልወጡም» አለች ትርንጎ ከደጃፉ ቆማ። «መውጣት ነው ያቃታቸው።»

ሳጅን ክፍሉን ዞሮ አየ። ግድግዳ የታከከ አንድ ጥቁር ሣጥን፣ ከላዩ ትንሽ ማሳያና ኪቦርድ። ሌላ ምንም።

«አራቱስ?»

«አምስቱም እዚያው ሣጥን ውስጥ ናቸው።»

ሳጅን ሣጥኑን በእስክሪብቶው ኳ ኳ አደረገው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረ ሰው ነው፤ ጣፍጦኝ ነው ይላል እንጂ ወደቅሁ አይልም።

«አንድ ግቢ ያስቡ» አለችው። «አምስት ተከራይ አለበት። የየራሳቸው ክፍል አላቸው፤ የግቢው በር ግን አንድ ነው። ሣጥኑ፣ ሰርቨር የምንለው፣ ግቢው ነው። ቨርቹዋል ማሽን የምንላቸው ተከራዮቹን ነው።»

«ታዲያ ቀድሞ እንዲህ አይባልም?»

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዳኛቸው ግን ስለ ተከራይ መስማት አልፈለጉም። ሰኞ ነው። ከገሳይ ድረስ የመጣ ባለጉዳይ የነሐሴን ዝናብ ሸሽቶ በረንዳው ላይ ተኮልኩሏል፤ አንድ መዝገብ የሚከፍትለት የለም። ኃላፊው ወንጀለኛዋን አውቀናል ባይ ናቸው። የኔትወርክ ባለሙያዋ ትርንጎ ናት። ባለፈው ሳምንት ወደ እብናት ተዛወሪ ሲሏት እንቢ ብላለች፤ ቂም ይዛለች። ጠዋት ከመኪና ስትወርድ ቁልፏን ተቀብለዋታል። የስንብት ደብዳቤዋ ማኅተሙ ተመትቶበት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ይሰጣታል። አሁን አምስት ተኩል ሆኗል።

«እሁድ የት ዋልሽ?» አላት ሳጅን።

«ወንዛዬ። እናቴን ፍል ውሃ ወስጄ። ዛሬ ሦስት ሰዓት ነው የገባነው።» ትኬቱን ሰጠችው።

«በስልኳ አጥፍታው ነው!» አሉ ኃላፊው።

«ትግባና ትፈትሽ። አጠገቧ እቆማለሁ። እርስዎ ባለጉዳዩን ያረጋጉልን።»

ኃላፊው እየተነጫነጩ ወጡ። ትርንጎ ገብታ ጥቂት ጻፈች፤ ጠበቀች።

«አምስቱም ደህና ናቸው። እርስ በርስም ይነጋገራሉ።»

«ከውጭ ሰው ጋርስ?»

«ዝም።»

«እንግዲያው ችግሩ የግቢው በር ላይ ነው!» ሳጅን በገዛ ራሱ ተደንቆ ጢሙን ደባበሰ። ወደ ሣጥኑ ጀርባ አጮለቀ። ገመዱ ተሰክቷል። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። «ምን ዋጋ አለው፣ በሩም ደህና ነው።»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ አየች።

«ቀዳዳው አራት ነው። ተከራዮቹ በአንደኛው እንዲወጡ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ገመዱ ሁለተኛው ላይ ነው ያለው። መብራቱ ይበራል፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ግን የለም።» ወደ ማሳያው ተመለሰች። «ሰዓቱንም መዝግቦታል። ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተነቀለ። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ተሰካ። እኔ ያን ጊዜ ሐሙሲት ላይ መኪና እጠብቅ ነበር።»

ሳጅን አልሰማትም። ተንበርክኮ እጁን እያሞቀ ነው፤ የሣጥኑ ጀርባ እንደ ምድጃ ዳር ይሞቃል። ከወለሉ አንዲት ነገር አነሳ። ገብስ። ጭራ ያወጣች ገብስ። ነከስ አደረጋት። ቀጭ አለች፤ ጣፈጠችውም፤ ዋጣት። ማስረጃ መሆኗ ትዝ ያለው ኋላ ነው። ደግነቱ ሌሎችም ወድቀዋል።

ብቅል!

ዘበኛው እሸቴ ተጠሩ። የከተማውን ጠላ ቤቶች ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያገኙ ሰው ናቸው።

«አባ እሸቴ፣ አንቱ ጠላ ይወዳሉ አሉ።»

«እወዳለሁ። ቁልፍ ግን የለኝም።»

«ትናንት ማን ገባ?»

«እንግዳ አልገባም።»

«እንግዳ ያልሆነስ?»

እሸቴ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «አለቃ። ማዳበሪያ ተሸክመው። ወረቀት ነው ብለውኛል።»

«ለምን እስካሁን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አቶ ዳኛቸው ሲመለሱ ሳጅን መዝገቡን አጥፎ ጠበቃቸው።

«ትናንት ገብተው ነበር አሉ።»

«ወረቀት ላስቀምጥ። ሣጥኑን በእጄም አልነካሁም።»

«እሱማ አይነኩም። የሌላ ሰው እጅ ነው። ገመዱን ነቅሎ ወለል ላይ ጥሎት ሄዷል።»

«ምን ሲደረግ ወለል ላይ! ሰክቼዋለሁ እኮ! መብራቱም በርቷ…»



«ባለቤቴ ናት» አሉ በመጨረሻ። ለደብረ ታቦር በዓል ብቅል አብቅላ፣ ፀሐይ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ሊሻግትባት ደረሰ። የሰርቨሩን ሙቀት እርሳቸው ያውቃሉ። ጀርባውን ከግድግዳው ለማዞር ገመዱን ነቀሉ፤ ብቅሉ እዚያው አድሮ ደረቀ። ጠዋት ሣጥኑን መለሱ፤ ገመዱንም ያገኙት ቀዳዳ ላይ ሰኩ። ኔትወርኩ ሲጠፋ ደነገጡ። ብቅል አሰጣሁ ከማለት ሰው ማሰናበት ቀለላቸው።

ሳጅን እጁን ዘረጋ። ደብዳቤው ከኪስ ወጣ።

«ይኼ ከብቅሉ ጋር ይቀመጣል» አለና መዝገቡ ውስጥ ሸጎጠው።

አቶ ዳኛቸው ወደ ትርንጎ ዞሩ። ድምፃቸው ለስልሷል።

«እህቴ፣ ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ባይወጣ ምናለ?»

ትርንጎ ገመዱን ከሁለተኛው ቀዳዳ ነቅላ በእጇ ይዛዋለች።

«ይህን መልሼ ካልሰካሁት ምንም አይወጣም። ልተወው?»