ታምሬ የጫረው ክብሪት

ኸሪፍ፣ ማለት ክረምቱ፣ ሲገባ የሱዳን ገዳሪፍ ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ጋር ቢምቢ፣ ከቢምቢው ጋር ወባ። በሐበሾቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ደግሞ ዝናቡ እንደጀመረ ነርሷ ዕፀገነት ተማሪውን ሁሉ ጣቱን እየወጋች ትመረምራለች።

ያን ዓመት ወንዶቹ «አንወጋም!» ብለው አመፁ። ዕፀገነት ወገቧን ይዛ ዞር ስትል አዲሱ የመኝታ ቤት ኃላፊ ታምሬ በሩን ሞልቶት ቆሟል።

«ወንድሜ፣ እስኪ አንተ ቅደምላቸው!»

«እኔ?... እኔ ደህና ነኝ።»

«እነሱም ደህና ነን ነው የሚሉት።»

ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት ምን ያድርግ? እጁን ዘረጋ። ገና ሳትነካው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«አለቀ እኮ!»

«ወላሂ?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷም ሳቀች። እሱም አፍሮ ሳቀና ቀና ብሎ አያት። ነገሩ የተጀመረው እንግዲህ እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ታምሬ ከክሊኒኩ አልጠፋም። ዛሬ ራሱን ያመዋል፣ ነገ ሆዱን።

«ዛሬስ ምንህን ነው?»

«ልቤን።»

«ለልብ የሚሆን ሽሮፕ የለኝም፤ ሂድ ወዲያ!»

ሂድ ትበለው እንጂ ሳይመጣ ከዋለ ቀኑ አይመሽላትም። «ሰሊጡ ይታጨድ ብቻ፣ ሽማግሌ እልካለሁ» ሲላት ዕፀገነት አመነችው። ኧረ እንዴት አታምነው! እንደሱ ያለ ለስላሳ ሰው አይታ አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ደብቃዋለች። የራሷ ምስጢር ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ በነገረችው። ምስጢሩ የዩስራ ነበር። ዩስራ ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎበዟ ናት፤ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን በየማታው እየመጣች ከክሊኒኩ ትወስዳለች። ጦርነቱ ካርቱምን ካፈረሰ ወዲህ ኪኒኑን ለማግኘት ዕፀገነት ያላንኳኳችው ፋርማሲ የለም። የሚያውቁት ሁለቱና አባትየው ብቻ ናቸው። ቢሰማ ማን አብሯት ይተኛል? ማን ከሷ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላል? ለሀጩ ይጋባል የሚል ሰው ሞልቷል።

በመሀል ፋው በሚባል ከተማ ወባ በረታና ነርስ ተፈለገ፤ ዕፀገነት ታዘዘች። ዩስራን ለማን ትተዋት? ልጅቱን ጠርታ በግልጽ ጠየቀቻት።

«ለታምሬ ልንገረው?»

«አንቺ ካመንሽው እኔም አምነዋለሁ፣ ሲስተር።»

ለታምሬም ነገረችው። በፍራሽ ላይ አስተኝታ አሳየችው። «ከወደቀች በጎኗ አስተኛት። አፏ ውስጥ ምንም አታግባ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚሉት ነገር አለ፣ እሱን በፍጹም! እሳት ነው፣ መድኃኒት አይደለም። ሰው እንዳይከባት፣ አንተ ብቻ አጠገቧ ሁን።»

«አይዞሽ ገኒ፤ እንደ እህቴ ነው የማያት።»

ከፋው ስትመለስ ዋልካው መንገዱን ዘግቶ በትራክተር ነበር የገባችው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ በሳቅ ነበር ወደ ግቢው የገባችው። የሴቶቹ መኝታ ቤት ስትደርስ የዩስራ አልጋ ባዶ ነው! የአልጋ ጎረቤቷ ዙሌካ አንገቷን ደፍታ ነገረቻት።

«ትኩሳት ይዟት ነበር... መብል ቤት ውስጥ ወደቀች። ሁሉም ክብሪት ክብሪት ብሎ ጮኸ። ጋሽ ታምሬ ጫረና አፍንጫዋ ላይ ያዘው። ከንፈሯ ተቃጠለ፣ ሲስተር። አባቷም በነጋታው ወሰዳት።»

«ታምሬ? ታምሬ ነው የጫረው?»

«ርዕሰ መምህሩ ኡስታዝ ኸይረዲን ማን ያውቅ ነበር ብለው ሲጠይቁ ደግሞ... ጋሽ ታምሬ ‹እኔ ምን አውቄ፣ ሲስተር ናት የደበቀችን› አላቸው።»

ዕፀገነት ባዶው አልጋ ላይ ቁጭ አለች።

መጋዘኑ ጋ አገኘችው። ሲያያት ሊያቅፋት መጣ። እጁን ገፋችው።

«አሳይቼህ አልነበር?»

«ገኒ ስሚኝ... ሁሉም ያየኝ ነበር! ክብሪቱን እምቢ ብል ‹ይኼ እያወቀ ደበቀን› አይሉም? ከሥራ ብባረር በምን አገባሻለሁ? ለኛ ስል ነው።»

«ለኛ? የልጅቱን ከንፈር ያቃጠልከው ለኛ ነው? እኔንም የሸጥከኝ ለኛ ነው?»

«እኔ ልሸጥሽ? ማሌሽ፣ ይቅር በይኝ፤ ደነገጥኩ።»

«ስትጭር ደነገጥክ እንበል። ለኡስታዝ ስትዋሽስ?»

ሌላ ሰው ቢያደርገው ዕፀገነት ትሰድበው ነበር፤ እሱን ግን መስደብ እንኳ አቃታት።

በነጋታው ዩስራ ወዳለችበት የሰሊጥ እርሻ ወረደች። ዩስራ ከአራሚዎቹ ጋር ጎንበስ ብላ ታርማለች። ከንፈሯ ላይ ቁስሉ ገና አልደረቀም። አባቷ ሁዜይፋ ሰላምታዋን ሳይመልስ ፊቱን አዞረ።

«ለማንም አልናገርም ብለሽኝ ነበር።»

«ተናገርኩ፣ አቡ ዩስራ። ላመንኩት ሰው ተናገርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅዎን ግን ከትምህርቷ አያስቀሩብኝ። ወላጆቹን ሰብስቤ እኔ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።»

ዩስራ መኮትኮቻዋን ጣለች። «አባ፣ እኔ መመለስ እፈልጋለሁ። ከታወቀ ታወቀ፣ ኸላስ፣ አለቀ! ምን የምደብቀው ቀረኝ?»

ሁዜይፋ ሰሊጡን ሲያይ ቆየና «ሂጂ» አላት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ወላጆችና ተማሪዎች መብል ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዕፀገነት ዩስራን አጠገቧ አቁማ ሁሉንም ነገረቻቸው። እንደማይጋባ፣ ክብሪት እንደማያድን፣ እንዴት እንደሚያዝ። መጨረሻ ላይ «ከዩስራ ሳህን ለመብላት የሚፈራ አለ?» ብላ ራሷ ጎረሰች። ዙሌካ ተነስታ እጇን ሳህኑ ውስጥ ከተተች፤ ሌሎቹ ልጆች ተከተሏት። ኡስታዝ ኸይረዲን ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅቱ ትማር» አሉ።

ታምሬ ከኋላ ቆሞ ነበር።

ውጭ ሲያገኛት እጇን ያዘ። «እኔም እንደማውቅ ልናገር ነበር፣ ወላሂ! ቀደምሽኝ እንጂ... እወድሻለሁ እኮ ገኒ!»

«እንደምትወደኝ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ነገ እኔ በሰው መሀል ብወድቅ መጀመሪያ የምታየው ማንን ነው? እኔን ወይስ ሰዉን?»

ታምሬ አፉን ከፈተ። ወዲያው ግን ዓይኑ ከሷ አልፎ ወደ መብል ቤቱ በር ሄደ። ወላጆች እየወጡ ነበር፤ ማን እንደሚሰማቸው ሊያይ ነው።

ዕፀገነት እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች።

«ሽማግሌ እንዳትልክ፣ ታምሬ።»

«ገኒ!...»

አልዞረችም። ክሊኒኩ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። የጠሉትን መተው ቀላል ነበር። እሷ ግን እየወደደችው ነው የተወችው።