የጨመርኩት ሁለት ሴንቲ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። ግን ሆኗል... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ምርምር ክፍል ውስጥ።

ሥራዬ ዓሣ መለካት ነው። ሊጠፋ የተቃረበ አንድ ዝርያ አለ፤ ርዝመቱን እመዘግባለሁ፣ ሆዱን ከፍቼ የበላውን አያለሁ። ምግቡ ቀንድ አውጣና የውሃ ትል ነው። ዘንድሮ የመጡት አርባዎቹ ግን ሆዳቸው ባዶ፣ ቁመታቸውም አጭር ነበር።

አማካዩ ከሠላሳ ሴንቲ ካነሰ ሐይቁ እንደ አምናው ለመረብ ዝግ ይሆናል። አባቴ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ነው። ዓመት ሙሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ስለዚህ ዋሸሁ።

በእያንዳንዱ ዓሣ ላይ ሁለት ሴንቲ ጨመርኩ። እንዳይበሰብስ ጠርሙስ ውስጥ በመድኃኒት የተቀመጠ ዓሣ ትንሽ ስለሚያጥር፣ "ማስተካከያ ነው" ካልኩ የሚጠይቀኝ የለም። አለቃዬም እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመ።

ሐይቁ ተከፈተ። አባዬ ሳቀ።

በሳምንቱ ሱሪው መሬት መጥረግ ጀመረ...

"ረዘመብኝ ልበል?" አለ።

ጫማውም እየወለቀ አስቸገረው። ያን ቀን ምሳ ሩዝና ካሮት ሦስት ሳህን በላ።

"ልጄ..." አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እየበላሁ ይርበኛል።"

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጠርሙሶቹን አየሁ...

ዓሦቹ ጅራታቸው ታጥፏል። ጠርሙሱ ጠቧቸዋል።

አንዱን አውጥቼ ለካሁት። ልክ በውሸት የጻፍኩትን ያህል ሆኗል።

ባዶነቱን በዓይኔ ያየሁት ሆድ ተወጥሯል። ገለጥ አደረግኩት...

ሩዝ።

የተላመጠ ካሮትም አለ። ገና ትኩስ ነው።

መዝገቡን ይዤ አለቃዬ ጋ ሮጥኩ።

"ዋሽቻለሁ። ላርመው።"

"ምኑን?" አለ ቀና ሳይል። "ጠዋት ራሴ ለካኋቸው። ልክ ነሽ።"

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ሠራ፤ ያውም ዛሬ።

አርባ ዓሣ፣ ሁለት ሁለት ሴንቲ... መንገድ ላይ ሳሰላው ሰማንያ ሴንቲ መጣ፤ የአባዬን ቁመት ግማሽ ያህላል። ለእሱ ብዬ ነበር እኮ። ለአባዬ ብዬ።

ቤት ስገባ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየበላ ነው። ቀና ብሎ ሳቀልኝ።

እግሮቹ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ... መሬት አይነኩም።