ወደ ግራ የተሰፋው ሙዳይ

እኔ በእንዲህ ያለ ወሬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ጎረቤቶቼ "ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ" ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ምሳ መብላታቸውን ነው፣ ይሄ ግን እመኑኝ፣ እዚሁ ላሊበላ፣ በገዛ ቤቴ፣ በቀትር የሆነ ነው።

ሙሉ የምትባለው ልጄ ኬሚስት ናት፣ ሰው ኤምአርአይ ሲነሳ በደም ሥሩ የሚሰጠውን፣ የታመመውን ቦታ አጉልቶ የሚያሳየውን መድኃኒት ነው የምትሠራው። ያን ክረምት ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

"እማዬ፣ መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ብረት ብቻውን መርዝ ነው፣ ስለዚህ ስምንት ክንድ ባለው ቅርጫት እንይዘዋለን፣ አራቱ ከታች፣ አራቱ ከላይ፣ አንድ በር ብቻ ለውሃ እንተዋለን። ውሃው ገብቶ ብረቱን ነክቶ ቶሎ ሲወጣ፣ ሌላው ሲተካ ነው ምስሉ የሚደምቀው፣ የእኔው ግን ገብቶ ይቀመጣል።"

"ብልባላ እንደምትኖረው አክስትሽ በያ፣ ለሰላምታ ገብታ ለእራት እንደምትቆየዋ።"

ሳቀች፣ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ "እስከ መስከረም ካላስተካከልኩት ሥራው ይዘጋል፣ አራት ዓመት የለፋሁበት" አለች።

መስፋት የጀመርኩትን ሙዳይ መደብ ላይ ትቼ ሽሮ ልንሠራ ጓዳ ገባን። ዝናቡ ጋብ ሲል ከመደቡ በኩል ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ወስፌ ስፌት ሲበሳ የሚያሰማው፣ ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ነውና አይጠፋኝም።

"ማን መጣ?"

"በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል እኮ" አልኳት።

ስንወጣ ማንም የለም፣ ሙዳዩ ግን ሦስት ዙር አድጓል፣ ደግሞ እኔ የምሰፋው ወደ ቀኝ ነው፣ አዲሶቹ ዙሮች ወደ ግራ ዞረዋል። ወስፌውን ብፈልገው ጸጉሬ ላይ ተሰክቷል፣ ለካ ጓዳ ይዤው ገብቻለሁ።

እኔ ሳማትብ፣ ሙሉ ግን ሙዳዩን እያገላበጠች "እማዬ፣ የታችኛው ወደ ቀኝ፣ የላይኛው ወደ ግራ... የላይኞቹን አራት ክንዶች እንዲህ ብጠመዝዛቸው የውሃው በር ይላላል" አለች፣ ሽሮው ቀዝቅዞ ቀረ፣ እሷ ደብተሯ ላይ ስትሞነጭር ዋለች።

በጳጉሜ ደወለች። "ውሃው ይገባል፣ ይወጣል፣ ብረቱም ንቅንቅ አላለም፣ ሥራው ይቀጥላል" ስትለኝ ስልኩን እንደያዝኩ እልል አልኩ፣ ሠፈሩ ሠርግ መስሎት ወጣ።

"ማን አሳየሽ ሲሉሽ ምን አልሽ?"

"'እናቴ' አልኳቸዋ።"

ደስታዋን እንዳላደፈርስ መርቄ ስልኩን ዘጋሁት። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፣ እኛ ሰፊዎች አክርማው፣ የምንሰፋበት ሣር፣ እንዳይሰበር ጫፉን በከንፈራችን እናርሰዋለን፣ ያን ቀን ከጓዳ ስንወጣ ሙዳዩን መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ የአክርማው ጫፍ እርጥብ ነበር፣ ለብ ያለ።