ከጓዳው በታች

ምናለ ሳይቀበር ከመሬት በታች ገብቶ ሞተ።

የመሬት ቢሮ መሐንዲስ ነበር። አስከሬኑ የተገኘው በወይዘሮ ዝናሽ ጓዳ ሥር በተቆፈረ የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ማጅራቱ አብጦ ነው። ኢንስፔክተር ሸዋረጋ በአምፖል ብርሃን ስትገባ እንኳ የተሰበረው ደረጃ አደናቀፋት፣ ከበሩ በላይ የተጋደመው ግንድም ግንባሯን መታው። የሽንት ቤት ፍሳሽ በግድግዳው ይንጠባጠባል። እዚህ ውስጥ ሰው፣ ያውም ከነልጆቹ፣ ይኖራል!

«ምን ላድርግ?» አለች ዝናሽ። «ወደ ላይ ልሥራ ስል የነገሥታቱን ግንብ ይጋርዳል አሉ። ወደ ጠዳ ልውጣ ስል እርሻ ነው፣ ከተማው ከወሰኑ አያልፍም አሉ። ወደ ታች ግን የከለከለኝ የለም!»

የታሰሩት ተከራዩ የኔታ ኪዳነወልድ ናቸው፤ ክፍሉም፣ ጭሱ ሟቹን ያፈነው የከሰል ምድጃም የእሳቸው ነው። የጭስ መውጫዋን ሰው በጆንያ ወትፏታል።

«የኔታ፣ የት ነበሩ?»

«ማኅሌት ቆሜ ነው ያደርሁ፣ ልጄ። ልጆቼም ከናታቸው ጋር እንፍራንዝ ናቸው።»

ካህናቱ መሰከሩላቸው። ዝናሽም ለቅሶ ቤት እንዳደረች ጎረቤቱ ሁሉ መሰከረ።

የሟቹ አለቃ አቶ ሙሉቀን ሳይወርድ ከላይ ጓዳው ውስጥ ቆሞ አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። «እንዲህ ያለ ጉድ መኖሩን ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ምስኪን! ብቻውን ሊፈትሽ ገብቶ ጭስ ጨረሰው።»

በማግስቱ ሸዋረጋ ሦስቱንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰበች። የታችኛውን አምፖል አስቀድማ አስፈትታለች።

«አቶ ሙሉቀን፣ ይቅደሙ።»

ወረደ። ተከትለውት ሲገቡ የስልኳን መብራት አበራችበት።

«እስቲ ግንባርዎን? እኔ በብርሃን ተመታሁ። እርስዎ በድቅድቅ ጨለማ የተሰበረውን ደረጃ ተሻግረው፣ ከግንዱ ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። ይህ የለመደ ሰው አገባብ ነው። ምናለን ግንዱ መቶት ቢሆን የሚያብጠው ግንባሩ ነበር፤ ያበጠው ግን ማጅራቱ ነው። ከኋላው ሰው ነበረ። ያ ሰው ምናለ ሲወድቅ ከሰሉን አያይዞ፣ መውጫዋን ወትፎ ሄደ። ቤቱን ከሚያውቁት የኔታ ማኅሌት ቆመው፣ ወይዘሮ ዝናሽ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ማን ቀረ?»

ዝናሽ አለቀሰች። «ያስቆፈረው እሱ ነው! ኪራዩንም እኩል እንካፈላለን። ምናለ አጋልጣለሁ ብሎት ነበር።»

ሙሉቀን አላፈረም። «ቢሆንስ? ከወሰኑ አንድ ክንድ አላለፍንም» አለ።

ሸዋረጋ ምራቋን ተፍታ እጁን በካቴና አሰረችው።

ማምሻውን የመሬት ቢሮው ጉድጓዱን አሸገ። የየኔታ ፍራሽና ዳዊት መንገድ ላይ ተጥለው ነበር። ከእስር የተፈቱት የኔታ ዳዊታቸውን አንስተው አቧራውን አራገፉና ወደ ሸዋረጋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ለገዳዩ እንኳ ክፍል ሰጣችሁት። እኔስ ከነልጆቼ የት ልግባ?»