የማሽላው ጉድጓድ ትንፋሽ

ጋሼ ተሰማን ከማሽላው ጉድጓድ ያወጧቸው በገመድና በቆልማማ እንጨት ነው፤ ወርዶ ሊያነሣቸው የደፈረ ሰው አልነበረም። የፖሊስ መቶ አለቃ ዓለምፀሐይ ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ጨርሳ፣ ሸዋሮቢትን አልፋ ቀወት ስትደርስ አስከሬኑ ግራር ሥር በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ገለጥ አድርጋ አየች። ደም የለም፤ ጭረት የለም። ጢማቸው ላይ ጥቂት ፍሬ ማሽላ ተጣብቋል። ፊታቸው ቀትር ላይ ጥላ አግኝቶ እንዳሸለበ ሰው የረጋ ነው።

ሰዉ ከጉድጓዱ ርቆ ቆሟል። የሚያለቅሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያለቅሰው።

«እንዴት ሞቱ?» ብላ ጠየቀች።

የመለሱላት አንዲት አሮጊት ናቸው። «ሙታኑ ጠሩት፣ ልጄ። ሄደላቸው።»

ሙታኑ ሩቅ አልነበሩም። ከሜዳው ባሻገር፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ በሰባ ሰባቱ ረሀብ ከወሎ ሲወርዱ ጉልበት የከዳቸው ሰዎች የተቀበሩበት ቦታ አለ። አብዛኞቹ የለበሱት አፈር የጋሼ ተሰማ እጅ ያፈሰው ነው። ከረሀቡ ጋር የመጣው በሽታ የገዛ ልጃቸውን ወርቁንም ወስዶባቸው እዚያው ቀብረውታል። ከዚያ ወዲህ ንጋት ላይ ብቻቸውን ሲያወሩ ይሰማ ነበር።

ጉድጓዱም የተቆፈረው በዚያ መከራ ማግሥት ነው። የቀወት ገበሬዎች፣ የቆላው አርብቶ አደሮችና የደብረ ሲና ደገኞች «ለየብቻችን ተራብን፤ ከእንግዲህ ግን በጋራ እንጠብቅ» ብለው ተማማሉ። አርብቶ አደሩ ፍየሉን፣ ደገኛው ገብሱን በማሽላ እየለወጠ ከገበሬው እህል ጋር በአንድ ጉድጓድ አጠራቀሙ። ዝናብ አስቀድሞ የከዳው ወገን አስቀድሞ ይበላል። ጠባቂው ጋሼ ተሰማ ሆኑ። ዘንድሮ፣ በሰባ ስምንት፣ በልጉ ቆላውን ከዳው። ረሀብን ተባብረው ለመከላከል የሚመክሩ የጎረቤት አገሮች ሰዎችም ወሬውን ሰምተው እህሉ ከጉድጓዱ ሲወጣ ሊያዩ በማግሥቱ ይመጣሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

የተዘጋ ጉድጓድ ሰው የሚገድል ትንፋሽ እንዳለው በይፋት የማያውቅ የለም። ከፍተው ያሳድሩታል። ከዚያ ፋኖስ አብርተው በገመድ ያወርዳሉ፤ ነበልባሉ ከጠፋ ሰው አይገባም። ዓለምፀሐይን ያስጨነቃትም ይኸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉድጓድ ሲከፍቱ የኖሩ ሰው ይህን እንዴት ይረሳሉ?

በመጀመሪያ ያነጋገረችው የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ንጉሤን ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ጎልማሳ ነው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እኔ ያጣሁት አባት ነው» አለ። «ክርስትና ያነሡኝ፣ ወላጆቼ ሲሞቱም ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ንጋት ላይ የት ነበሩ?»

«ለእንግዶቹ ዳስ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ብቻዬን።» «ጉድጓዱ ይደፈን» አለ። «አስከሬን የተነሣበትን እህል ማን ይበላዋል? ለእንግዶቹ የገበሬ ማኅበሩን ሌላ ጉድጓድ እናሳያቸዋለን።»

«የቆላ ሰዎችስ ምን ይበላሉ?»

ንጉሤ ዞር ብሎ መንገዱን አየ። «እግዜር ያውቃል።»

ቀጥሎ የመጣው ታከለ ነው፤ ለእንግዶቹ ዝግጅት ከአውራጃው ተልኮ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ብቻውን ያደረ ወጣት የእርሻ ባለሙያ።

«እኔን ከእሳቸው የሚያጣላኝ ነገር አልነበረም» አለ ቃላቱ እየተጣደፉበት። «የልጅ ልጃቸው ብሆን አያንስም፤ ግን ‹እርስዎ› እያሉ ያሳፍሩኝ ነበር። ‹ተዉ እንጂ ጋሼ› ስላቸው ‹የመንግሥት ሰው አይደሉም እንዴ!› ይላሉ።»

«ትናንት ከእሳቸው ምን የተለየ ነገር አዩ?»

ታከለ አሰበ። «ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ ሲከፈት ዙሪያውን ምድሩን በዱላቸው እየመቱ ያዳምጡ ነበር። ‹ድምፁ አላማረኝም፤ ነገ ወርጄ በእጄ ካልዳሰስኩት እንግዳ አላስጠጋም› አሉ። እኔም፣ ሊቀመንበሩም፣ ሼህ አብዱልፈታህም ሰምተናል።»

የአርብቶ አደሮቹ ሽማግሌ ሼህ አብዱልፈታህ ከግራሩ ሥር አልተነሡም። መቁጠሪያቸው በእጃቸው ላይ ቆሟል።

«ሰዉ እኔን እንደሚያይ አውቃለሁ» አሉ። «እህሉን ፈልጎ ነው ይላሉ። ወላሂ ፈልጌዋለሁ። ልጆቻችን ወተት ደርቆባቸዋል። ግን ልጄ፣ እህሉን የሚሰጠኝን ሰው ገድዬ ምን አተርፋለሁ? ይኸ እህል አማና ነው፣ አደራ። ከተሰማ ጋር ዘመን ቆጥረናል፤ አንድ ቀን አንቱታውን አጉድሎብኝ አያውቅም። እኔም እንደዚያው።»

«ንጋት ላይስ?»

«ሱብሒ ሰግጄ ወንዙ ዳር ግመሎቼ ዘንድ ነበርኩ። ያየኝ የለም።»

ሦስቱም ብቻቸውን ነበሩ። ሦስቱንም ያየ ሰው የለም። ዓለምፀሐይ ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄደች። ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ፋኖሱ አጠገቡ ተቀምጧል። አነሣችው። ብርጭቆው ጥላሸት የለበትም። ክዳኑን ከፍታ ክሩን አየች፤ ጫፉ ነጭ ነው።

የጋሼ ተሰማን ልጅ ሸዋዬን ጠራቻት። «ይኸ ፋኖስ የማን ነው?»

«የአባባ ነው። ትናንት አዲስ ክር የከተትኩለት እኔ ነኝ።»

«አልበራም።»

ሸዋዬ ክሩን አይታ ደነገጠች። «ሳይሞክር ወረደ ማለት ነው? አባባ ይኸን አያደርግም። ዓይኑ ሲደክም ደግሞ ይብስ ተጠንቃቂ ሆኖ ነበር።»

«ዓይናቸው ምን ሆነ?»

ሴትዮዋ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሞራ ሸፍኖታል። ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር አያይም። ከጠባቂነት እንዳይሽሩት ብሎ ደበቀ። መንገዱን በልምድ ስለሚሄድ ሰው አያውቅበትም።»

«ንጋት ላይ ምን ሰማሽ?»

«ከአጥሩ ወዲያ ሲያወራ ሰማሁ። ከወርቁ ጋር መሰለኝ፤ ሁሌም ያወራዋል። ስለዚህ አልወጣሁም።» እንባዋ መጣ። «ወርቁ ጠርቶት ይሆን?»

«ሸዋዬ፣ የሰማሽውን ቃል ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ ንገሪኝ።»

ዓለምፀሐይ ቃሉን ሁለቴ አስደግማ ሰማች። ከዚያ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አስረው ጉድጓዱ ውስጥ እንዲያመላልሱት አዘዘች። ወጣቶች እየተፈራረቁ አየሩን ሲያናውጡ ቆዩ። ፋኖሱ ደጋግሞ ጠፋ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበልባሉ ቆመ።

ወገቧን በገመድ አስራ ወረደች። የኮመጠጠ ሽታ ተቀበላት። የሰዎቹ ድምፅ ወዲያው ራቀ፤ ሌላ አገር ያሉ ያህል። ጋሼ ተሰማ የተኙበት ስርጉድ እህሉ ላይ እንደታተመ ነው። ባለፈው ዓመት በዚያ አውራ ጎዳና ስታልፍ ዳር ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው ሲያዩዋት የነበሩት የተራቡ ፊቶች ታወሷት። ከላይ ወደ ታች የሚመለከቷት መሰላትና ቀና አለች። ክብ ሰማይ ብቻ ነበር። እጅዋን ማሽላው ውስጥ ሰደደች። ክርኗ ሳይደርስ ጣቶቿ እርጥብ፣ የሚሞቅ ነገር ነኩ። ጨብጣ አወጣችው። የበሰበሰ አገዳ ነበር።

ስትወጣ ሦስቱንም ሰዎች፣ ሸዋዬንና ሽማግሌዎቹን ግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው። ጭብጧን ከፍታ አገዳውን ነጠላው አጠገብ አኖረችው።

«ጉድጓዱ ባዶ ነው» አለች። «ከላይ ማሽላ ተነሰነሰበት እንጂ ከታች አገዳ ነው። ጋሼ ተሰማ በዱላቸው ያዳመጡት ይኸንን ነው። እርጥብ አገዳ ሲብላላ ትንፋሹ ይበረታል፤ ተከፍቶ ቢያድርም አልወጣም።»

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ሼህ አብዱልፈታህ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጋሼ ዛሬ ወርደው ሊዳስሱት ነበር። እህሉን ያወጣው ሰው ሊያስቆማቸው ፈለገ። እሳቸው ግን መብራት ሳያወርዱ አይገቡም፤ ፋኖሳቸውም አልበራም። ሆኖም ብርሃን አይተዋል። ሸዋዬ፣ የሰማሽውን ንገሪያቸው።»

ሸዋዬ ነጠላዋን ጨብጣ ቆመች። «‹ብርሃኑ ለእኔም ይታየኛል፤ አንተም አልጠፋም ካልከኝ እወርዳለሁ› ነው ያለው።»

«የማይጠፋ ብርሃን» አለች ዓለምፀሐይ። «ትንፋሽ እሳትን ያጠፋል፤ የእጅ ባትሪን ግን አያጠፋም። ዓይናቸው ደኅና ሰው ቢሆኑ ይለዩት ነበር። ለእሳቸው ግን ጉድጓዱ ውስጥ የሚታየው ብርሃን ብቻ ነው። ፋኖሱን ‹እኔ ላብራልዎ› ብሎ ተቀበላቸው፤ በፋኖሱ ፈንታ ባትሪ አወረደ።»

«ባትሪ ሁላችንም አለን» አለ ታከለ፤ ፊቱ አመድ መስሎ።

«አላችሁ። ስለዚህ ቃላቸውን ልመልከት። ‹አንተ› አሉ። እርስዎን ‹እርስዎ› ሲሉ ኖረዋል። ሼህ አብዱልፈታህን አንቱታ አጉድለውባቸው አያውቁም። ሸዋዬ ‹አንተ› የተባለው ሟቹ ወርቁ መሰላት። የሞተ ልጅ ግን መብራት ጠፋ አልጠፋም ተብሎ አይጠየቅም። ጋሼ የደበቁትን የዓይናቸውን ነገር የሚያውቅ፣ እንደ ልጅ ‹አንተ› የሚሉት፣ በዓይኑ ሊያዩ የሚያምኑት ሕያው ሰው እዚህ መካከል አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ንጉሤ ዞረ።

«ባትሪዎን ያሳዩኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ንጉሤ ከኮቱ ኪስ አወጣው። ከባትሪው ጀርባ ባለው ቀለበት ላይ የጉድጓዱ ገመድ የተፈተለበት ዓይነት የቃጫ ቁራጭ ተቋጥሮ ቀርቷል። ለመፍታት ጊዜ ያጣ ሰው ገመዱን በቢላ የቆረጠው ይመስላል።

ንጉሤ አልካደም። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የመንግሥት የእህል ኮታ አልሞላ አለኝ» አለ። «‹ካልሞላህ ልጅህ ይዘምታል› ተባልኩ። ጋሼ ወባ ይዟቸው ደብረ ሲና ሲያገግሙ ማሽላውን በመኪና አስጫንኩት። ጫኞቹ የሩቅ ሰዎች ናቸው፤ ‹ወደ ተሻለ ጎተራ ይዛወራል› አልኳቸው። በመኸር እተካለሁ ብዬ ነበር። በልጉ ቀረ፣ እንግዳ መጣ።»

«ልጅህን አተረፍክ» አሉ ሼህ አብዱልፈታህ። «የእኛዎቹንስ?»



በማግሥቱ እንግዶቹ መጡ። ታከለ የማኅበሩን ጉድጓድ ሊያሳያቸው አሰበ፤ ሼህ አብዱልፈታህ ግን እየመሩ ወደ ባዶው ወሰዷቸውና የሆነውን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። «ይኸንንም ወደ አገራችሁ ውሰዱት» አሏቸው። ከደብረ ሲና የወረዱት ሽማግሌዎች ለብቻቸው ተመካክረው ለቆላው ልጆች ገብስ በአህያ እንደሚልኩ ተናገሩ። ማሽላው አልተመለሰም።

ከቀትር በኋላ ላንድሮቨሩ ዳገቱን ሲወጣ ጉም ተቀበለው። ንጉሤ እጁ በካቴና ታስሮ ከዓለምፀሐይ አጠገብ ተቀምጧል። ያለፈውን ሌሊት ሙሉ በጣቢያው ሲጮኽ እንዳደረ ጠባቂዎቹ ነግረዋታል።

«ሲወድቁ ጮኹ?» ብላ ጠየቀችው፤ ለምን እንደጠየቀች ራሷም አላወቀችም።

«አልጮኹም።» መስኮቱን ወደሸፈነው ጉም ይመለከታል። «ሳል ያዛቸው። እኔ ባትሪውን ስስብ ጨለመባቸው። ቀና ብለው ጠሩኝ። ‹ንጉሤ፣ ልጄ፣ ትንፋሹ አለ› አሉኝ። ‹እኔን አወጣለሁ ብለህ እንዳትወርድ!›»