ሦስተኛው ቀረጻ

የባንዱ ልጆች ዘፋኛቸውን «እንደገና» እያሉ ነበር የሚጠሩት። አንድ ዘፈን ተቀርጾ ባለቀ ቁጥር የጆሮ ማዳመጫውን ወደ አንገቱ ያወርድና በመስታወቱ በኩል አይቶኝ «እንደገና» ይላል። እኔም የቀረጻውን ቁልፍ እጫናለሁ። በአጎቴ ስቱዲዮ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ ነበርኩ፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድ የሮክ አልበም ላይ ተቀምጬ ከረምኩ።

የታገስኩት ስለወደድኩት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሁለተኛው ወር ገደማ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እሱ የጊታሩን ክር ሊቀይር ቀረ። ክሩን እየጠመዘዘ፣ ቀና ሳይል፣ አልበሙ ሲያልቅ እናቴ ቤት መጥቶ ለጋብቻ ሊጠይቀኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። በዚያው ቀን ለእናቴ መናገሬ ነው ጥፋቴ። ከዚያ ወዲህ ቤት በገባሁ ቁጥር «አለቀ?» ትለኛለች። አላለቀም ስላት ደግሞ «ልጄ፣ የምትሠሩት ዘፈን ነው ወይስ ድልድይ?» ትላለች።

ጠምዶ የያዘን አንድ ዘፈን ነበር። ሦስተኛውን ቀረጻ ስንቀርጽ፣ የመጨረሻውን ስንኝ ሊጀምር ሲል፣ እኔ ከመቆጣጠሪያው ላይ ቀና አልኩ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ቃሉ ዘግይቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም፤ ያቺ የተቆረጠች ትንፋሽ ግን ብላኛለች።

እሱ አፈረ፣ ተበላሸ አለ። ስንኙን ሳይሰናከል ለመዝፈን ሠላሳ ስምንት ጊዜ ደጋገመው፤ መጨረሻ ላይማ ዓይኑን ጨፍኖ መዝፈን ጀመረ። አርባ አንደኛው እንከን አልነበረውም። አጎቴ ሰምቶ «ይሄ ልጅ ዘፈኑን አጥቦ አጥቦ ቀለሙን አስለቀቀው» አለና ወጣ።

አልበሙ ለአሳታሚው የሚላክበት ቀን ደረሰ። እሱ አርባ አንደኛውን እንድልክ አዞኝ ሄደ። እኔ ሦስተኛውን ላክሁ፤ አልነገርኩትም።

አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ከተማው አበደ። ፀጉር ቤቱም ታክሲውም ያንኑ ዘፈን ነው የሚያጫውተው፤ ያቺ ቦታ ስትደርስ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። የሙዚቃ ቤቶች ያላቸውን ሸጠው ጨርሰው ሌላ አዘዙ። ተቆጥቶ ይመጣል ብዬ ስፈራ ደወለልኝ።

«ሦስተኛው ነው አይደል?» አለኝ።

ነው አልኩት። ሳቀ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ መኪና እየጠበቀው እንደሆነ ነግሮኝ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ጉዞ ነው፣ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ደግሞ ጉዞ ነው። አልበሙ አልቋል፤ እናቴ ቤት የመጣ ሰው ግን የለም። በደወልኩ ቁጥር የሚቀጥለው እሁድ ይለኛል። እናቴ እንኳ መጠየቁን ተወች፤ ከጥያቄዋ ዝምታዋ ባሰብኝ። ንዴቴ ጫፍ ደርሶ ሳለ በሌላ ከተማ ያለ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ሰጠኝ፤ ሰኞ ጠዋት ካልተገኘሁ ቦታውን ለሌላ ሊሰጡት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በስታዲየሙ ዝግጅት ነበራቸው። ሳልነግረው ሄጄ ከሰዉ መሀል ቆምኩ። ዘፈኑ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ። ስታዲየሙ ጮኸ። ከዚያ ቃሉን ልክ እንደ ቀረጻው እያንቀጠቀጠ አወጣው። እዚያ መኖሬን አያውቅም ነበር።

ሲያልቅ ከመድረኩ ጀርባ ፊቱን በፎጣ ሲጠርግ አገኘሁት። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ነገ እመጣለሁ» አለኝ። «ለእናትሽ ንገሪያት። በቃ፣ ነገ።»

ስንት ወር የጠበቅኩት ቃል ነበር። ዘልዬ ልጠመጠምበት ሲገባኝ፣ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ያቺ ቦታ ላይ ትንፋሽህን ስትይዝ ምን ታስባለህ?»

«እሷማ» አለና ሳቀ። «እስከ አራት እቆጥራለሁ። ያኔ ድራሙ ልክ ይገባል። በፊት በሦስት ሞክረን ነበር፣ ሰዉ የሚጮህበት ጊዜ አጣ።»

አልዋሸኝም። ያ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ቢዋሸኝ እጣላው ነበር።

«ጎበዝ ነህ» አልኩት፤ «አልተሳሳትክም።»

ምስጋና መስሎት ግንባሬን ሳመኝ።

እሁድ እንዳለውም መጣ፤ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ድራም መቺውን አስከትሎ። እኔ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፍሬ ከከተማ ወጥቼ ነበር። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደወለችልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው ሳሎን ቁጭ ብሏል። ምን ልበለው? አትወጂውም እንዴ?»

«እወደዋለሁ እማዬ» አልኳት። «ግን ዝም ባለ ቁጥር እየቆጠረ ይሆን እያልኩ መኖር አልችልም።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። ብቻ እያለቀስኩ መሆኑን ስላወቀች አልተቆጣችኝም።

«እና ዝም ብዬ ልሸኘው?»

«ምሳ ሳይበላ አይሂድ» አልኳት።